ከመጋዝ በፊት እርሳስ

የንባብ ክፍላችን 42 የጠረጴዛ ገጽ ያስፈልገዋል እንበል። የእያንዳንዱ ልክ 70 በ50 ሳንቲ ሜትር ነው። ገበያ ላይ የምናገኘው ኮምፔንሳቶ ደግሞ 244 በ122 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአባላት በተዋጣው ገንዘብ ስንት ኮምፔንሳቶ እንግዛ?

ብዙዎቻችን ወዲያው ስፋትን ለስፋት እናካፍላለን። 42ቱ ገጾች 147,000፣ አንዱ ኮምፔንሳቶ 29,768 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ሲካፈል 5 እንኳ አይሞላምና «5 ይበቃል» እንላለን። ይህ ስሌት ግን ያታልላል። በስፋቱ ብቻ ብንሄድ እንኳ ከአንዱ ኮምፔንሳቶ ከ8 ገጽ በላይ አይወጣም፤ 8 ጊዜ 5 ደግሞ 40 ነው። ስለዚህ ከ6 ባነሰ አይሆንም።

6 ገዝተን ያለ ንድፍ ለአናጢ ብንሰጥስ? 70ው በ122ቱ ጎን ቢውል ከአንዱ 4 ገጽ ብቻ ይወጣል። ዞሮ 50ው በ122ቱ ጎን ቢውል 6 ይወጣል። 6 ጊዜ 6፣ 36 ነው። እንግዲህ ወይ ስድስት ተማሪዎች ያለ ጠረጴዛ ይቀራሉ፣ ወይ ለሰባተኛ ኮምፔንሳቶ እንደገና መዋጮ እንጠይቃለን።

አሁን ሁለቱን አቀማመጥ እናደባልቅ። 70 እና 50 ሲደመሩ 120 ናቸው። ስለዚህ ኮምፔንሳቶውን በቁመቱ ሰንጥቀን አንዱን 70፣ ሌላውን 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት እንስጠው። የመጀመሪያው በየ50 ሲቆረጥ 4፣ ሁለተኛው በየ70 ሲቆረጥ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ 7 ነው። 7 ጊዜ 6፣ 42! መጋዙ በየቆረጣው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ሰጋቱራ ቢለውጥም ትርፉ ይችለዋል። ከጫፍ የሚተርፉትም ቁራጮች ለመደርደሪያ ይሆናሉ። ነገር ግን የእንጨቱ መስመር በሁሉም ገጽ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂድ ከተባለ ማዞር አይቻልም፤ ወደ 6 እንመለሳለን።

ነገሩ እንደ ተራ ጨዋታ የሚታይ አይደለም። የሌኒንግራዱ የሒሳብ ሊቅ ሌዎኒድ ካንቶሮቪች የኮምፔንሳቶ ኢንዱስትሪ ካቀረበለት ጥያቄ ተነሥቶ በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ የቆረጣን ብክነት መቀነስ አንዱ ርእስ ነበር። በዚህ መንገድ የጀመረው ሥራ በ1975 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ አድርጎታል።

መደባለቅ ግን ሁልጊዜ አይጠቅምም። ገጹ 60 በ45 ቢሆንስ? ወረቀትና እርሳስ ይዘን ሦስቱንም አቀማመጥ እንሣልና እናወዳድር። አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥ የሚባለው ይኸው ነው።