ግሉተን አልባ ፈጣን እራት፦ ከእህሉ ጠባይ እስከ ማዕዱ

ቀኑን ሙሉ በትምህርት ወይም በሥራ ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው እራቱን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማድረስ ይፈልጋል። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ እጃችንን የምንሰደው ወደ ዳቦ፣ ወደ ፓስታ ወይም ወደ ማካሮኒ ነው። ሦስቱም የስንዴ ውጤቶች ናቸው። ሲሊያክ የተባለው ሕመም ላለበት ሰው ግን እነዚህ ምግቦች ጎጂ ናቸው፤ ምክንያቱም ግሉተን የሚባል ፕሮቲን በውስጣቸው ይገኛል። ይህ ሕመም በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች አንዱን ያህል እንደሚያጠቃ ይገመታል። ሕክምናውም ዕድሜ ልክ ግሉተንን ከማዕድ ማራቅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እንመለከታለን። አንደኛው፣ ግሉተን የሌለበት ምግብ የትኛው ነው? የሚል የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው፣ ምግብን ቶሎ የሚያበስለው ምንድን ነው? የሚል የፊዚክስ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ስናገናኝ መልሱ በአብዛኛው በራሳችን ጓዳ ውስጥ እንደሚገኝ እንረዳለን። ይሁን እንጂ የእህሉን ስም ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ እህሉ ከማሳ እስከ ማዕድ የተጓዘበትን መንገድም መመርመር ያስፈልጋል።

ግሉተን ምንድን ነው?

ግሉተንን ከስንዴ ዱቄት ለይተው የገለጹት ጣሊያናዊው ምሁር ጃኮፖ ቤካሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1728 በቦሎኛ ያቀረቡት ይህ ሥራ በ1745 ታትሟል። ሙከራቸው በቀላሉ ሊደገም የሚችል ነው። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በጥቂት ውሃ ጠንከር አድርገን እናቡካና ለ20 ደቂቃ ያህል እንተወዋለን። ከዚያም ሊጡን በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ውስጥ እያሸን፣ ውሃውንም እየለዋወጥን እናጥበዋለን። ወተት የመሰለው እጣቢ ስታርች የያዘ ነው፤ የአዮዲን ጠብታ ሲጨመርበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። በእጃችን ላይ የሚቀረው፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው ነገር ደግሞ ግሉተን ነው። ይህንኑ በንጹሕ የጤፍ ዱቄት ብንሞክረው ሊጡ በውሃው ውስጥ ይበተናል እንጂ የሚለጠጥ ነገር አይተርፍም።

የስንዴ ግሉተን በዋናነት ግሊያዲንና ግሉቴኒን ከተባሉ ፕሮቲኖች የተሠራ ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ተያይዘው መረብ ስለሚፈጥሩ፣ እርሾው የሚያመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሊጡ ውስጥ ታፍኖ ዳቦውን ያስነሣዋል። በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥም የእነዚህ የቅርብ ዘመድ የሆኑ ፕሮቲኖች ይገኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጤፍ ይህ መረብ ከሌለው የእንጀራ ዓይን ከየት ይመጣል? ምስጢሩ በአብዛኛው አብሲት ላይ ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተቀንሶ በፈላ ውሃ ሲበስል፣ በውስጡ ያለው ስታርች ውሃ መጥጦ ያብጣል፤ ይወፍራልም። የጤፍ ስታርች ይህን ለውጥ የሚያደርገው ከ68 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው። አብሲቱ ወደ ሊጡ ሲመለስ ሊጡን ያወፍረዋል፤ የጋዝ አረፋዎችም ምጣዱ ላይ እስኪደርሱ ድረስ በቀላሉ አያመልጡም። እናቶቻችን ያለ ግሉተን የግሉተንን ሥራ የሚሠራ ዘዴ ነበራቸው ማለት ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካረል ዲከ ስንዴ በሲሊያክ ሕሙማን ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ይጠረጥሩ ነበር። በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የረኃብ ክረምት በአገራቸው ዳቦ ሲጠፋ ያስተዋሉት ነገር ጥርጣሬያቸውን አጠናከረው። በ1950 ለዶክትሬት ባቀረቡት ጥናትም ጉዳዩን በማስረጃ አሳዩ።

ሞለኪውላዊ ምክንያቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ግሉተን ፕሮሊን በተባለው አሚኖ አሲድ የበለጸገ ነው፤ የሰው የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች ደግሞ ፕሮሊን የበዛበትን ሰንሰለት መቁረጥ ይቸግራቸዋል። በ2002 የታተመ ጥናት ሳይፈጭ የሚቀር 33 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቁራጭ መኖሩን አሳይቷል። ከእነዚህ መካከል 13ቱ ፕሮሊን ናቸው። ኤችኤልኤ-ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የተባሉትን የዘር ውርስ ምልክቶች ከያዙ ሰዎች መካከል በጥቂቶቹ፣ የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ይህን ቁራጭ እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። በሚነሣው ውጊያ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉት ጣት መሰል ቅጥያዎች ይጎዳሉ፤ ንጥረ ምግብን የመምጠጥ ችሎታም ይቀንሳል። ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የክብደት መቀነስና በብረት እጥረት የሚመጣ የደም ማነስ የሚከተሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ማብሰል ይህን ጉዳት አያስወግድም። ሙቀት የፕሮቲኑን ቅርጽ ይለውጣል እንጂ የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል አይለውጥም። መደበኛው የሊጥ መቡካትም ግሉተኑን በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያፈርሰውም።

የትኛው እህል ይበላል?

ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ዳጉሳ፣ እንዲሁም ከእንሰት የሚገኙት ቆጮና ቡላ በተፈጥሯቸው ግሉተን የለባቸውም። ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ድንች፣ አትክልት፣ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋም እንዲሁ ናቸው። ስለ ጤፍ በኔዘርላንድ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በመረመሯቸው የጤፍ ዝርያዎች ውስጥ የሲሊያክ ሕሙማንን ተከላካይ ሕዋሳት የሚቀሰቅሱ የግሉተን ቁራጮችን አላገኙም።

በአንጻሩ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ እንዲሁም ከገብስ ወይም ከስንዴ ብቅል የሚጠመቁት ጠላና ቢራ መወገድ አለባቸው። አጃ የሚለው ስም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በአንዳንድ አካባቢ ይህ ስም የሚሰጠው ለጥንታዊ የስንዴ ዓይነት ሲሆን፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ከስንዴ ወገን ላልሆነ ሌላ እህል ነው። ስለዚህ ስሙን ብቻ አምኖ መግዛት አደገኛ ነው።

እራትን የሚያፈጥነው ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ በደጋ አገር ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስዱት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔዎቹ ሁለት ናቸው፤ በእንፋሎት ግፊት በሚያበስል ድስት ሙቀቱን ከፍ ማድረግ፣ ወይም ምግቡን አሳንሶ መቁረጥ። ሙቀት ወደ ምግብ እምብርት ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በግምት ከውፍረቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚህ መርሕ የተመረጡ አራት እራቶችን እናቀርባለን።

1. ሽሮ፦ ጥራጥሬው አስቀድሞ ተቆልቶ ስለተፈጨ ምድጃ ላይ ብዙ የሚቀረው ሥራ የለም። አንድ ራስ ሽንኩርት በዘይት ካቁላላን በኋላ ሁለት ኩባያ ውሃ እናፈላለን። ግማሽ ኩባያ ሽሮ ጥቂት በጥቂት እየነሰነስን እናማስላለን፤ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨምረን ለ15 ደቂቃ ያህል እናንተከትከዋለን። ለሁለት ሰው ይበቃል።

2. የምስር ክክ ወጥ፦ ክኩ ልጣጩ የተነሣና የተከፈለ በመሆኑ ውሃ በቶሎ ይገባዋል። አንድ ኩባያ ክክ በሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ላይ ከሦስት ኩባያ ሙቅ ውሃ ጋር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበስላል።

3. የቡላ ገንፎ፦ ቡላው በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጥና በሚፈላ ውሃ ላይ እየተማሰለ ይጨመራል። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን አሳላፊ ሲመስል ስታርቹ እንደበሰለ እናውቃለን። በንጥር ቅቤና በበርበሬ ይቀርባል።

4. ድንች በእንቁላል፦ ጎኑ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ድንች 216 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ አለው። በ1 ሴንቲ ሜትር ኩቦች ብንከትፈው የገጹ ስፋት 1296 ይሆናል፤ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ከተጠበሰ በኋላ እንቁላል ይመታበታል።

እንጀራ ለመቡካት ቀናት ስለሚፈልግ በዕረፍት ቀን መጋገር ይበጃል። የደረቀውም ለፍርፍር ይሆናል።

የተሰወረው ግሉተን

በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት ግሉተን አልባ የሚባል ምግብ በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም የበለጠ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። ይህ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ እናስላ። የስንዴ ዱቄት ፕሮቲን 10 በመቶ ያህል፣ ከዚህም ውስጥ ግሉተኑ 80 በመቶ ያህል ነው ብንል፣ 1 ግራም የስንዴ ዱቄት 80 ሚሊ ግራም ግሉተን ይይዛል። ይህ 1 ግራም ከአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ጋር ቢቀላቀል መጠኑ የደረጃውን አራት እጥፍ ይሆናል። ስንዴ ከፈጨ በኋላ ሳይጸዳ ጤፍ የሚፈጭ ወፍጮ ከዚህ የበለጠ ሊያቀላቅል ይችላል። የሽሮ እህልና በርበሬም የሚፈጩት በወፍጮ ስለሆነ ጥንቃቄው ለእነርሱም ነው።

ሁለተኛው መንገድ እርሾ ነው። ካለፈው ሊጥ የተቀመጠ እርሾ በመሆኑ ያ ሊጥ ገብስ ወይም ስንዴ ከነበረበት አዲሱም ንጹሕ አይሆንም። ሦስተኛው በጋራ የሚሠራበት ምጣድና ማሰሻ ነው። አራተኛው ቅይጥ እንጀራ ነው፤ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ ብዙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ጤፍ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ስለሚቀላቀል፣ እንጀራ ሁሉ ግሉተን አልባ ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው።

ማሳሰቢያ

ሲሊያክ ወይም ሌላ በግሉተን የሚነሣ ሕመም የሌለበት ሰው ስንዴና ገብስ የሚተውበት የጤና ምክንያት የለውም። ሕመሙ የሚጠረጠርበት ሰው ደግሞ ከምርመራ በፊት ግሉተን ማቆም የለበትም፤ ግሉተን ካቆመ በደም ውስጥ የሚፈለጉት ምልክቶች ሊጠፉና ምርመራው ሊያሳስት ይችላል። በመጀመሪያ ሐኪም ማማከር፣ ከምርመራው በኋላ ምግብን መለወጥ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በ10 ኪሎ ግራም ጤፍ ውስጥ 5 ግራም የስንዴ ዱቄት ቢቀላቀል፣ ድብልቁ ከ20 ሚሊ ግራም ወሰን ያልፋልን?
2. አብሲት ሳይጨመር የተጋገረ የጤፍ እንጀራ ዓይኑ ለምን ሊያንስ ይችላል?
3. ሙሉ ምስርና የምስር ክክ እኩል ሙቀት ላይ ቢጣዱ ቀድሞ የሚበስለው የትኛው ነው? በሁለት ምክንያት አስረዱ።