የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነውን? ከአዊ ጉድጓዶች የምናገኘው ትምህርት

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ቲሊሊን አልፎ ወደ እንጅባራ ሲቃረብ ዘንገና ሐይቅን ያገኛል። በጥንታዊ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ይህ ሐይቅ፣ በዙሪያው ያለው ደንና ከየተራራው ሥር የሚፈልቁት ምንጮች አንድ ነገር ይመሰክራሉ፤ የአዊ ደጋማ ምድር በውኃ የታደለ ነው። አበው ግን «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ብለው ተርተዋል። ውኃ ሞልቶ በተረፈበት አገር ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውኃ ለምን ያንሳል? ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በሳይንስ ዓይን እንመረምራለን።

ውኃው በእርግጥ ይበቃልን?

በዳንግላ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በዓመት 60,000 ሊትር ያህል ውኃ ይወርዳል ማለት ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) ለገጠር ነዋሪ የተቀመጠው ግብ በቀን ለአንድ ሰው 25 ሊትር ነበር። አምስት አባላት ላሉት ቤተሰብ ይህ በዓመት 45,625 ሊትር ይሆናል። እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ላይ ብቻ የሚወርደው ዝናብ ከቤተሰቡ ፍላጎት ይበልጣል።

ሆኖም ከዚህ ዝናብ ከአሥር ዘጠኝ እጁ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። በተቀሩት ወራት ነዋሪው የሚጠጣው ምድር በሆዷ ያስቀረችለትን ነው፤ ይኸውም የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ስለዚህ የችግሩ ቁልፍ ያለው ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት ውስጥ ነው።

ጉድጓዱ እንዴት ይሞላል?

የአካባቢው መሠረት ባዛልት የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በዘመናት ብዛት ከላይ በኩል በስብሶ ወደ አፈርነት ተለውጧል፤ ከሥር ያለው ደግሞ ብዙ ስንጥቅ አለው። ዝናቡ በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ በዚህ የበሰበሰ ንብርብር ውስጥ ይጠራቀማል። ገበሬው ጥቂት ሜትር በእጁ ቆፍሮ ውኃ የሚያገኘውም ስለዚህ ነው።

የዚህን ውኃ ጠባይ ለማወቅ በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ ቀበሌ ልዩ ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የቀበሌው ነዋሪዎች ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር ዝናቡን፣ የወንዞቹን ከፍታና በጉድጓዶች ውስጥ ያለውን የውኃ ጥልቀት በራሳቸው እጅ መለካት ያዙ። ተመራማሪዎቹ መረጃውን ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር አስተያይተው ጥራቱ አስተማማኝ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2016 በሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ውኃው በክረምት ወደ መሬት ወለል ይቀርባል፤ በበጋ ይርቃል። ይህ ቀላል የሚመስል እውነት ስለ ብክለት ብዙ ይነግረናል።

እንበልና በአንድ ግቢ ውስጥ የመጸዳጃው ጉድጓድ 3 ሜትር ጥልቀት አለው። በበጋ ውኃው ከመሬት ወለል 8 ሜትር ቢርቅ፣ ከመጸዳጃው ሥር 5 ሜትር ደረቅ አፈር አለ። በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ አየር ስላለ እድፉ ቀስ ብሎ ይሰርጋል፤ ጀርሞቹም ከአፈር ቅንጣት ጋር እየተጣበቁ ብዙዎቹ በመንገድ ይሞታሉ። በነሐሴ ግን ውኃው እስከ 3 ሜትር ቢወጣ ይህ የተፈጥሮ ወንፊት በሙሉ ይጠፋል፤ መጸዳጃውና የመጠጥ ጉድጓዱ በአንድ ውኃ ይገናኛሉ። ጉድጓድ መቆፈርን ያቀለለው የውኃው ቅርበት ራሱ ለብክለት በር ይከፍታል።

ብክለቱ በየት ይገባል?

መንገዶቹን በሦስት ልንከፍላቸው እንችላለን። የመጀመሪያው ከላይ ነው፤ አፉ ባልታነጸና ባልተከደነ ጉድጓድ ውስጥ ጎርፉ አዛባና አፈር ይዞ ይገባል። መሬት ላይ የተቀመጠ ባልዲና ገመድም ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። ሁለተኛው ከጎን ነው፤ ይህም ከላይ የገለጽነው የመጸዳጃና የበረት ፍሳሽ ነው። ሦስተኛው ከቀጂው በኋላ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውኃ በጀሪካን፣ በእንስራና በመጥለቂያ ጣሳ ይበከላል።

ጥቂት እድፍ ምን ያህል እንደሚጎዳ በስሌት እንይ። አንድ ግራም የሰው ዓይነ ምድር አሥር ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። የጉድጓዱ አግድመት 1 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 2 ሜትር ቢሆን መጠኑ 1,570 ሊትር ገደማ ነው። አሥር ሚሊዮኑን በዚህ ብናካፍል በየ100 ሚሊ ሊትሩ ከ600 በላይ ባክቴሪያ እናገኛለን። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ መገኘት የለበትም ይላል። ያም ሆኖ ያ አንድ ግራም የውኃውን መልክም ሆነ ጣዕም አይለውጠውም።

ኢ. ኮላይ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አብዛኛው በሽታ አያመጣም። ነገር ግን መገኘቱ ዓይነ ምድር ወደ ውኃው መግባቱን ስለሚያስረዳ እንደ ምስክር ይቆጠራል። ከእርሱ ጋር የታይፎይድ፣ የኮሌራ፣ የጃርዲያና የአሜባ ተሕዋስያን ሊገቡ ይችላሉ። በተደጋጋሚ ተቅማጥ የሚመታ ሕፃን የበላው ምግብ ለሰውነቱ ስለማይደርስ እድገቱ ይቀጭጫል፤ ሕይወቱም አደጋ ላይ ይወድቃል።

የውኃ ጥራት በዓይን እንደማይለካ ከታሪክም እንማራለን። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ሶሆ ሰፈር ከ600 በላይ ሰዎች በኮሌራ አለቁ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾቹን ቤቶች በካርታ ላይ ሲያመለክት አብዛኞቹ ብሮድ ስትሪት በተባለው ጎዳና ከሚገኝ አንድ ፓምፕ የሚቀዱ ሆነው አገኛቸው። ውኃው በጣዕሙ የተወደደ ስለነበር ከሩቅ ሰፈር የሚያስመጡትም ነበሩ። በኋላ ሲቆፈር ከጉድጓዱ አንድ ሜትር እንኳ በማይርቅ ቦታ የፈረሰ የመጸዳጃ ጉድጓድ ተገኘ።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2016 በወቅቱ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ባካሄደው የመጠጥ ውኃ ጥራት ፍተሻ በአብዛኞቹ ቤተሰቦች ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ ተገኝቷል። ብክለቱም በመቅጃው ቦታ ከታየው ይልቅ በቤት ውስጥ የባሰ ነበር።

ማፍላት የማያስወግደው ብክለት

ብክለት ሁሉ ሕይወት ያለው አይደለም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ዋናው ችግር ከዓለት የሚሟሟው ፍሎራይድ ነው፤ በአዊ ደጋ ግን ይበልጥ የሚያሳስቡን ተሕዋስያን ናቸው። ከኬሚካሎች መካከል ትኩረት የሚያሻው ናይትሬት ሲሆን ከዩሪያ ማዳበሪያ፣ ከአዛባና ከመጸዳጃ ይመጣል። መጠኑ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም ሲያልፍ በጡጦ የሚያድጉ ጨቅላዎችን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል። ውኃውን ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር ክምችቱ ይጨምራል። ስለዚህ መፍትሔው ከምንጩ መጠበቅ ነው።

ምን እናድርግ?

በጉድጓዱ ዘንድ፦ አፉን በሲሚንቶ ከፍ አድርጎ ማነጽ፣ መክደን፣ የጎርፍ መከላከያ ቦይ መቅደድ፣ ከብቶች የሚጠጡበትን ገንዳ ማራቅ ያስፈልጋል። መጸዳጃው ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ከተዳፋቱ በታች መሆንና ሥሩ በክረምት ከሚታየው የውኃ ከፍታ 2 ሜትር ያህል በላይ መቆየት አለበት።

በቤት ውስጥ፦ በእንጅባራ ከፍታ፣ ይኸውም ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህም ጀርሞችን ለመግደል ይበቃል፤ ለጥንቃቄ ግን ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ይመከራል። እንደ ውኃ አጋር ያለ የክሎሪን ማከሚያ የሚጠቀም ሰው የደፈረሰውን ውኃ አስቀድሞ ያጥልል፤ ጨምሮም ግማሽ ሰዓት ይታገሥ። እንስራን በግራዋ ማጠብ እድፍን ያስለቅቃል እንጂ ውኃውን አያክምም። በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጎ ለስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ማስጣትም ጀርሞችን ይገድላል፤ ነገር ግን ብክለቱ በሚበረታበት ክረምት የአዊ ሰማይ ደመናማ ስለሆነ በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

ተማሪዎችስ? ያለ ቤተ ሙከራ ልትሠሩት የምትችሉት ጥናት አለ። በሰፈራችሁ ያለውን እያንዳንዱን ጉድጓድና ምንጭ በእነዚህ ጥያቄዎች መርምሩ፦

1. በ30 ሜትር ዙሪያ መጸዳጃ ወይም በረት አለን?
2. ክዳኑና የታነጸው አፉ ደኅና ናቸውን?
3. ባልዲው መሬት ላይ ይቀመጣልን?
4. የፈሰሰው ውኃ እዚያው ይተኛልን?
5. ውኃው ከመሬት ወለል ስንት ሜትር ይርቃል?

ፍተሻውን አንድ ጊዜ በመጋቢት፣ ሌላ ጊዜ በነሐሴ አድርጋችሁ ውጤቱን አነጻጽሩ። ገመድና ሜትር ይበቃሉ፤ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ገመድ ግን መጀመሪያ ይጽዳ።

ከአዊ ምድር የሚነሣው ውኃ በከፊል በግልገል ዓባይ በኩል ወደ ጣና፣ በከፊል ወደ በለስ ይወርዳል፤ ሁለቱም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። በአንድ ግቢ ጉድጓድ ዙሪያ የምናደርገው ጥንቃቄ እንግዲህ ለጎረቤትም፣ ከታች ላለውም ወገን ነው። የዳንግሽታ ገበሬዎች ውኃቸውን ለክተው ጠባዩን አውቀዋል፤ እኛም የምንጠጣውን በመልኩ ከመፍረድ ይልቅ መንገዱን መመርመር እንልመድ።