ላንጋኖን ሳትዋኝ ሉደሪትዝ አትሂድ

ወንድሜ፣ ስልክህ ላይ የምታየውን ቪዲዮ ከትከሻህ ኋላ ሆኜ አየሁት። ሰውየው ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ እንደ ጥይት ይወነጨፋል። ሉደሪትዝ፣ ናሚቢያ ነው አይደል? ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ቡናው እስኪፈላ ስማኝ።

እዚያ አሸዋው ተቆፍሮ ለፍጥነት ዊንድሰርፊንግ የተሠራ ቀጭን ቦይ አለ። ፈረንሳዊው አንትዋን አልቦ እ.ኤ.አ. በ2015 በዚያ ቦይ 500 ሜትሩን በአማካይ በሰዓት ከ98 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ጨረሰው። 18 ሰከንድ ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ ፍጥነት መውደቅ አጥንት ይሰብራል፤ ስለዚህ ቦዩ የጀማሪ ቦታ አይደለም። አንተ ዳር ቆመህ ለማየት ሂድ።

ባሕር ሲባል ሙቀት እንዳይመስልህ። የቤንጉዌላ ሞገድ ከደቡብ ቀዝቃዛ ውኃ ያመጣል፤ የናሚብ በረሃ ደግሞ ቀን ሲግል ከባሕሩ በላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ወደ ራሱ ይስበዋል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ የሚበረታው ለዚህ ነው። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ወፍራም ጃኬትና የዓይን መከለያ ያዝ፤ አሸዋው ፊት ይገርፋል።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን ከፓስፖርትህ አትለየው፤ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ይጠየቃል። የእማዬን ጩኮ ከነቀምቴ በባኮና በአምቦ አድርገህ አዲስ አበባ እስክትደርስ ብላው። ከዊንድሁክ በኋላ ረጅም የበረሃ መንገድ ይጠብቅሃል። እዚያ መኪና የሚነዳው በግራ ነው፤ ስታቋርጥ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እይ። ከከተማው ውጭ ሰፊ የአልማዝ ክልል አለ፤ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ምልክት ካየህ አንድ እርምጃ አትለፍ።

እዚያው ሉደሪትዝ ያለውን ሻርክ ደሴትንም ሳታይ አትመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1907 ጀርመኖች የሄሬሮና የናማ ሰዎችን እዚያ አጉረው ብዙዎቹን በብርድና በረሃብ ጨርሰዋቸዋል። ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ትንሽ ቁም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ነቀምቴ ያደግን ልጆች ዋና አልተማርንም፤ ዲዴሳም ጉማሬ ያለበት ወንዝ ነው፣ መለማመጃ አይሆንም። እኔ ላንጋኖ ላይ ከሰሌዳ ስወድቅ ሸራው ላዬ ላይ ተደፋብኝ፤ ላይና ታቹ ጠፋኝ። የለበስኩት ላይፍ ጃኬት ወደ ላይ ሲያወጣኝ ሸራውን በእጄ ገፍቼ አየር አገኘሁ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ በጎን ወጣሁ። አንተም ሰሌዳ ላይ ከመውጣትህ በፊት ይህን አወጣጥ፣ ሰው አጠገብህ ቆሞ፣ ደረትህ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ደጋግመህ ተለማመድ።

ለትኬቱ ያጠራቀምከውን ገንዘብ አትንካው፤ ይቀመጥ። በዚህ ወር ግን ላንጋኖ ውረድና ዋና ተማር።