ለአዲሷ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ልጄ፣ ገና ሠላሳ ሳይሞላሽ የባንክ ቅርንጫፍ ተረክበሻል፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ዋናው ካሸር ግን አንቺ ሳትወለጂ ብር መቁጠር የጀመሩ ሰው ናቸው። ሁለታችሁም እንዳትጎዱ ይህን ልንገርሽ።

1. ለመለወጥ አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ጠይቂ። በመስከረም 2013 የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ፣ ባለ 200ውም ሲመጣ ያን ሁሉ ወረፋ እንዴት እንዳስተናገዱት አስወሪያቸው። ሲስተም ሲቆም ምን እንደሚደረግም እሳቸው ያውቃሉ፤ በሌጀር ሠርተዋልና።

2. ጋሼ ማለትሽን አትተዪ። ሹመት ታላቅን ከማክበር አያወጣም። ነገር ግን አክብሮትሽ ቁጥጥርሽን እንዳያላላው። አብዝቼ የምፈራልሽ እዚህ ላይ ነው። ካዝና በሁለት ሰው ቁልፍ የሚከፈተው ገንዘብ ያዡ ስለማይታመን ብቻ አይደለም፤ ጉድለት የተገኘ ዕለት ንጹሑ ሰው ምስክር እንዳያጣ ጭምር ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ከቆጠሩት ይበቃል» ብለሽ ሳታዪ የፈረምሽ ቀን፣ ያከበርሻቸው ይመስልሻል እንጂ ብቻቸውን ጥለሻቸዋል። የሠላሳ ዓመት ስማቸውን የምትጠብቂላቸው አብረሽ በመቁጠር ነው። ቢከፋቸውም ቁጠሪ፤ ምክንያቱን ግን በትሕትና አስረጃቸው።

3. ስህተት ካየሽ ደንበኛና ወጣት ሠራተኞች ፊት አትናገሪ። ቢሮ ጋብዘሽ፣ በር ዘግተሽ፣ ስለ ሰነዱ ብቻ አንሺ። ዕድሜያቸውን በጭራሽ አታንሺ።

4. አዲስ አሠራር ሲመጣ ቀድመሽ ለብቻቸው አሳዪያቸው። በወጣቶቹ ፊት የመጀመሪያውን ቁልፍ ሲፈልጉ መታየት ያሳፍራቸዋል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ አይጠይቅም።

5. ፈቃዳቸውን አትቁረጪ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የዓመት እረፍት በ16 የሥራ ቀናት ይጀምርና በየሁለት የአገልግሎት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል፤ ስለዚህ የእሳቸው ረዘም ቢል መብታቸው ነው። «ሁልጊዜ ፈቃድ ላይ ናቸው» የሚል ሐሜት ከሰማሽ እዚያው አስቁሚው።

6. ጡረታ በ60 ዓመት ነው፤ የቀራቸው ጊዜ አጭር ነው። ከጎናቸው ሆኖ የሚማር ሰው ከዛሬ ጀምሮ መድቢ፤ የሽኝቱን ሳምንት አትጠብቂ። ከመመደብሽ በፊትም ማን ቢሆን እንደሚሻል አማክሪያቸው። አንቺ ያላሰብሽውን፣ ምናልባትም ዝምተኛውን ልጅ ሊጠሩልሽ ይችላሉ። ውሳኔው ያንቺ ነው፤ ምክንያታቸውን ግን እስከ መጨረሻው ስሚ።