ልጅ አደገ የሚባለው መቼ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



ለዛሬው ትምህርታችን መነሻ የሚሆነን ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 ከቁጥር 41 ጀምሮ የጻፈው ታሪክ ነው። ጌታችን 12 ዓመት በሆነው ጊዜ ከእመቤታችንና ከጠባቂው ከዮሴፍ ጋር ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። ብዙ ጊዜ ይህ ክፍል ሲሰበክ የምንሰማው በመቅደስ ከመምህራኑ ጋር ስለ መነጋገሩ ነው። እኛ ግን ቁጥር 44 ላይ ቆም እንበል። በመንገደኞቹ መካከል ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ከሄዱ በኋላ በዘመዶቻቸውና በሚያውቋቸው ዘንድ ፈለጉት ይላል። አንድ ቀን ሙሉ ሳያዩት መሄዳቸው ቸልተኝነት አልነበረም። ዘመድ ብዙ ከሆነ ልጅ ከአጎቱ ወይም ከአክስቱ ልጆች ጋር ነው ተብሎ ይታመናል። እኛም ሀገር እንዲሁ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ወዲያው ሜሮን ይቀባሉ፤ ይቆርባሉ። በካቶሊኮች ዘንድ ሜሮን መቀባት አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ከፍ ካለ በኋላ ስለሆነ በዚያን ቀን ዘመድ ይሰበሰባል። አይሁድም ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው ትእዛዛቱን በራሱ ኃላፊነት ለመጠበቅ መብቃቱን በበዓል ያስታውሳሉ። የእኛው ጨርጨር ኢቱ ኦሮሞዎች ደግሞ ኦዳ ቡልቱም ሥር የሚሰበሰቡበት የገዳ ሥርዓት አላቸው። በገዳ ሰው በየ8 ዓመቱ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይሸጋገራል። በእኛ ዘንድ ግን ከክርስትና እስከ ተክሊል ባለው ረጅም ዘመን ውስጥ ልጅ አደገ ተብሎ ለብቻው የሚደገስለት ቀን የለም። ሕጉ 18 ዓመትን ለአካለ መጠን መድረሻ አድርጎታል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግም ለጋብቻ ወንድና ሴትን በዚሁ ዕድሜ አስተካክሏል። ይሁን እንጂ 18 ዓመት ሞላኝ ብሎ በግ ያሳረደ ጎረምሳ በጭሮ አላየንም።

ታዲያ ይህን ባዶ ቦታ የሞላው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ልጁ ካለፈ ድንኳን ይተከላል። አያት ከሂርና፣ አጎት ከገለምሶ፣ አክስት ከበዴሳ ይመጣሉ። ጠላው ይጠመቃል፤ ለእስላም ዘመዶቻችንና ጎረቤቶቻችን በራሳቸው አራጅ ለብቻው ይታረዳል፤ በሌላ ድስትም ይሠራል። ሽማግሌዎች ተነሥተው «እደግ ተመንደግ» ይላሉ። መልካም ነው፤ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን በጥር 2015 ዓ.ም. ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3.3 ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2 ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ፈተናም 5.4። በማካካሻ ትምህርት የገቡትን ብንጨምር እንኳ የሚበዛው ልጅ ከድንኳኑ ውጭ ቀርቷል። እንግዲህ እነዚህ ሁሉ አላደጉም ማለት ነውን?

ከመካከላችን አንዱ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በቤተሰቡ የደረሰውን ነግሮናል። በአንድ ቤት አብረው ያደጉ የእህትማማች ልጆች ነበሩ። ልጅቱ አለፈች፤ ልጁ ወደቀ። ድግሱ እሑድ ሆነ። ልጁ ከቅዳሜ ጀምሮ ውኃ ሲቀዳ፣ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ሲሸከም፣ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። ክፉ ቃል የተናገረው ሰው አልነበረም፤ ስሙን የጠራም አልነበረም። እሑድ ምርቃቱ ሲጀመር ከቤት ወጣ። እናቱ ከአጎቱ ልጆች ጋር ነው ብላ አሰበች፤ አጎቱ ከጓሮ ከወጥ ሠሪዎቹ ጋር ነው አለ። የገለምሶዎቹ እንግዶች ሊሰናበቱት ሲፈልጉት ነው መጥፋቱ የታወቀው፤ ያን ጊዜ መሽቷል።

በማግሥቱ ሚኤሶ ተገኘ። እዚያ ከመኪና ጭነት ከሚያወርዱ ልጆች ጋር ተቀምጦ፣ ወደ ድሬዳዋና ከዚያም ወደ ጅቡቲ የሚሄድ መኪና ይጠይቅ ነበር። በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው ዓረብ አገር ለመግባት ስንቶች የሐረርጌ ልጆች በዚያ መንገድ እንደ ወጡና ስንቶቹ እንዳልተመለሱ በየቤታችን ስለሚታወቅ አናስረዝመውም። እናቱ ስታየው እመቤታችን ልጇን በመቅደስ ባገኘችው ጊዜ የጠየቀችውን ዓይነት ጥያቄ ጠየቀችው፤ ለምን እንዲህ አደረግህብን? የእርሱ መልስ ግን «ቀኑን ሙሉ ማን ፈለገኝ?» የሚል ነበር።

(እዚህ ላይ ጌታችንን ከጠፋ ልጅ ጋር ማነጻጸራችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን። እርሱ በአባቱ ቤት ነበር እንጂ አልጠፋም። የምናነጻጽረው ፈላጊዎቹን ነው። እነርሱ ማጣታቸውን ባወቁ ጊዜ ጉዞውን ትተው ወደ ኋላ ተመለሱ፤ እስከ ሦስተኛው ቀንም ፈለጉ።)

የሂርናዋ አያት ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ሰነበቱ። ልጁ ሲመጣ የተረፈውን ጠላ አስቀድተው፣ የቀሩትን ዘመዶች አስቀምጠው፣ ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አንበርክከው እንደገና መረቁ። «እሷን ለትምህርቷ መረቅናት፤ አንተን ቤት ስላቆምክ እመርቅሃለሁ» አሉት። ታኅሣሥ 19 ሁለቱንም ይዘው ቁልቢ ገብርኤል ወጡ። የስለቱን ጃንጥላ የተሸከመው ልጁ ነበር። ዛሬ በዴሳ ከአክስቱ ባል ጋር እንጨት ሥራ ይሠራል። ፈተናውን እንደገና ይወስድ እንደ ሆነ ገና አልወሰነም።

ይህን ከሰማን በኋላ በጉባኤያችን አንድ ሐሳብ ቀርቧል። በየዓመቱ በጥቅምት አንድ እሑድ 18 ዓመት የሞላቸው አባሎቻችን ሁሉ፣ ያለፈም ያላለፈም፣ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ተጠርተው በካህናት ጸሎት ይደረግላቸው፤ ስማቸውም በየተራ ይነበብ የሚል ነው። አንዳንድ አባላት የደከመና ያልደከመ እኩል ይሆናል ሲሉ ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸውም የሚናቅ አይደለም። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ዳቦና ሻይ ይበቃል። የሚከብደው አያቶችንና አጎቶችን ከገለምሶና ከሚኤሶ ማስመጣት ነው፤ ለፈተና ውጤት ድግስ የመጡት ለስም መጠራት ብቻ ይመጡ ይሆን? በሚመጣው እሑድ ከትምህርት በኋላ እንወያይበታለንና ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።