ዓሣ በኩሬ ማርባት

ዓሣ ከሐይቅና ከወንዝ ብቻ የሚገኝ ይመስለን ነበር። አሁን ግን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከእርሻችን አጠገብ እናረባለን። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ በብርዳም ደጋ ቶሎ አያድግም።

መጀመሪያ አፈሩን ፈተንነው። በውሃ አርሰን በእጃችን አድቦለቦልነው፤ ወደ ላይ ወርውረን ስንቀልበው አልፈረሰም። እንዲህ ያለው አፈር ውሃ ይይዛል፤ አሸዋማው ያሰርጋል። ኩሬውን 10 ሜትር በ10 ሜትር ቆፈርን። ጥልቀቱ በአንድ በኩል ግማሽ ሜትር፣ በሌላው 1 ሜትር ነው። ውሃ ሞልተን ፍግ ጨመርንበት።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። «ተበላሸ» ያሉን ነበሩ። አልተበላሸም። አረንጓዴው ነገር በዓይን የማይለዩ ደቃቅ ዕፅዋት ናቸው፤ የዓሣው ምግብ ናቸው። ያኔ 200 የዓሣ ጫጩት ለቀቅን።

ታዲያ ፍግ ከጠቀመ ብናበዛው ምን አለ ብለን ጨመርንበት። አንድ ቀን ማለዳ ዓሣዎቹ ከውሃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ከፈት ገጠም ሲያደርጉ አገኘናቸው። ብዙዎቹ ሞቱብን። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዕፅዋቱ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን የተባለውን የመተንፈሻ አየር ይሰጣሉ። ሌሊት ግን እነሱም እንደ ዓሣው ይስቡታል። ፍጉም ሲበሰብስ ይሻማል። ሊነጋጋ ሲል አየሩ ያልቃል።

አሁን በክንዳችን እንለካለን። ክንዳችንን እስከ ክርን እናጠልቃለን። ውሃው ክርናችን ሳይደርስ መዳፋችን ከተሰወረ ፍጉን እናቆማለን፤ አዲስ ውሃ እናስገባለን። ክርናችን ደርሶም መዳፋችን ጥርት ብሎ ከታየ ጥቂት ፍግ እንጨምራለን። ጠዋት ጠዋትም ከብቶቹን ከማሰማራታችን በፊት ኩሬውን ዞር ብለን እናያለን።