ዎንግ ታይ ሲን ደጅ ከመድረስሽ በፊት

ስሚኝ እህቴ፣ ከጓንዡ ዕቃሽን ገዝተሽ ጨርሰሽ በሆንግ ኮንግ በኩል የምትመለሺ ከሆነ የምታገኚውን ግማሽ ቀን ሱቅ ለሱቅ ስትዞሪ አትጨርሺው። ካውሎን ሂጂና የዎንግ ታይ ሲንን ቤተ መቅደስ እዪ። ቪዛሽን ግን አስቀድመሽ አጣሪ። ሆንግ ኮንግ የራሷ የመግቢያ ሕግ አላት፤ የቻይናው ቪዛሽም የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ አንዴ ከወጣሽ በኋላ ተመልሰሽ አትገቢበትም።

መንገዱ አያስቸግርሽም። የምድር ባቡሩ ጣቢያ ስሙ ራሱ ዎንግ ታይ ሲን ነው፤ ከጣቢያው ስትወጪ ደጁ ላይ ነሽ። መግቢያው በነጻ ነው። ከመሬት በታች ያለው አዳራሽ ግን ያስከፍላል፤ እሱ ቢቀርሽም ምንም አይጎድልብሽም። የቻይና አዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ ከሆነ ግን ግፊያ የማትወጂ ሰው ነሽና ቅሪ። የዓመቱን የመጀመሪያ ሰንደል እኔ ልትከል የሚለው ሕዝብ ገና ከምሽቱ ይሰለፋል።

የሚለመነው ማን እንደሆነ ሳታውቂ ደግሞ አትግቢ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ዎንግ ታይ ሲን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዛሬ ዠጂያንግ በሚባለው ክፍለ ሀገር የተወለደ የድሃ ልጅ፣ በግ ጠባቂ ነበር። በ15 ዓመቱ አንድ የታኦ መምህር አግኝቶት ወደ ተራራ ይዞት ወጣ። ወንድሙ ሲፈልገው ኖሮ ከ40 ዓመት በኋላ አገኘው። መጀመሪያ የጠየቀው ምን መሰለሽ? በጎቹን! “ከተራራው በስተምሥራቅ ናቸው” አለው። ሄዶ ቢያይ ነጫጭ ድንጋይ ብቻ። ያን ጊዜ ዎንግ ታይ ሲን ጠራቸውና ድንጋዮቹ በግ ሆነው ተነሡ።

አምልኮው ሆንግ ኮንግ የገባው ግን በቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 አባትና ልጅ ሥዕሉን ከጓንግዶንግ ይዘው መጡና የባህል መድኃኒት በሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ ሰቀሉት። መድኃኒት ሊገዛ የመጣው በሽተኛ ጸሎቱንም እዚያው ያደርስ ነበር። ቤተ መቅደሱ አሁን ያለበት ቦታ ላይ የተተከለው በ1921 ነው። ለረጅም ጊዜ የሚያስተዳድረው ማኅበር አባላትና ቤተሰቦቻቸው ብቻ ነበሩ የሚገቡበት፤ ለሕዝብ በይፋ የተከፈተው በ1956 ነው። ያን ጊዜ ከመግቢያው ላይ የሚሰበሰበው 10 ሳንቲም ለበጎ አድራጎት ይሰጥ ነበር። ሲክ ሲክ ዩን የተባለው ይኸው ማኅበር ዛሬም ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና የአረጋውያን መኖሪያ አለው። እንግዲህ ሰዉ የሚወደው ለምን እንደሆነ ገባሽ።

አሁን ዋናው ምክሬ። ከደጁ ሳትገቢ ወስኚ፤ ልታዪ ነው ወይስ ልትጠይቂ? ግማሽ ግማሹን አይሆንም።

ልታዪ ከሆነ እንደ እንግዳ ሁኚ። ክርስቲያን ነሽ፤ ሰንደል ለኩሺ፣ ተንበርከኪ የሚልሽ የለም። ትከሻሽን ሸፈን አድርጊ፣ የበሩን ደፍ አትርገጪ፣ ወደ ምስሎቹ ጣት አትቀስሪ። የሚጸልይ ሰው ፊት ስልክሽን አትደቅኚ። ቁልቢ ገብርኤል ስለቷ ደርሶላት ጃንጥላ ይዛ የምትሄደዋን ሴት ታውቂያት የለ? እዚህም የለመነው የተሳካለት ሰው ዓመቱ ሳያልቅ ለምስጋና ይመለሳል። የቁልቢዋን ሴት ፊት እያነሳሽ ቲክቶክ ላይ እንደማትለጥፊ ሁሉ የእነዚህንም ተዪ።

ዓይንሽን የሚይዘው ከዋናው መሠዊያ ፊት ያለው ግቢ ነው። ጆሮሽም ቀድሞ ይሰማዋል፤ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ የሚል ድምፅ። ሰዉ ተንበርክኮ 100 ስንጥር የታጨቀበትን የቀርከሃ ኩባያ በሁለት እጁ ይይዝና አዘንበል አድርጎ ይንጠዋል። በልቡ ጥያቄውን ይዟል። አንዷ ስንጥር ብቻ ሾልካ እስክትወድቅ መናጡን አይተውም። ሁለት ከወደቁ አይቆጠርም፣ እንደገና ነው። በወደቀችው ላይ ቁጥር አለ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ደግሞ የራሱ አጭር ግጥምና የጥንት ታሪክ ተመድቦለታል፤ መልሱ ከዚያ ውስጥ ነው የሚፈለገው። አጠገቡ በተደረደሩት ጠባብ ክፍሎች የተቀመጡት ፈቺዎች ይተረጉሙታል፤ እንግሊዝኛ የሚችሉም አሉባቸው።

“እስቲ ለጨዋታ ልሞክረው” እንዳትዪኝ። ከጎንሽ የተንበረከከችው ሴትዮ ለታመመ ልጇ ይሆናል የምትጠይቀው፤ አንቺ እየሳቅሽ ስንጥር ስትበትኚ አያምርም። ሁለተኛ፣ ዕጣው ክፉም ይወጣል። አላምንበትም ያለ ሰው “መጥፎ” ሲባል ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ፤ ሕልምሽን ሳታስፈቺ ቁርስ የማትበዪ ልጅ!

የለም፣ እጠይቃለሁ ካልሽ የራስሽ ጉዳይ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዢ፣ ቁጥሩን ጻፊው፣ ፈቺው ፊት ከመቀመጥሽ በፊት ዋጋውን ጠይቂ። ከዚያ በላይ “ይህን ክፉ ዕጣ የሚያነሳ ነገር ላድርግልሽ” የሚል ከገጠመሽ አመስግነሽ ተነሺ። ፍርሃትሽን የሚሸጥልሽ ሰው ዋጋው ማብቂያ የለውም።

ሰውን ለጋብቻ የሚያገናኘው ሽማግሌ ሐውልትም አለ፤ ወጣቶቹ ቀይ ክር በጣታቸው ይዘው ይሄዱና እሱ ጋ ያስሩታል። እዚያ ቆመሽ ብትስቂ አልቆጣሽም፤ ቀስ ብለሽ ግን።

ስትወጪ ሰንደል የሚሸጡትን አሮጊቶች አትከራከሪያቸው፤ ካልፈለግሽ በፈገግታ እለፊ። አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ሰዉ እዚያ ስለ ንግዱም ይጠይቃል፣ እንዳያምርሽ። ያንን ኮንቴይነር ልጫነው አልጫነው የሚለውን ስንጥር አይመልስልሽም፤ የማጓጓዣውንና የጉምሩኩን ደምሪ፣ ካላዋጣ ተዪው።